የዜሮ ብሩ ደረሰኝ ከየት መጣ? ዲፎልትዲክት ለካሽ ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ላለ አንድ የጭነት ድርጅት የታሪፍ ፕሮግራም በፓይተን እየሠራሁ ነው። ዋጋዎቹ ያሉት አዲስ አበባ በሚገኝ ሰርቨር ላይ ነው። ኔትወርክ ሲደክም አንድ ዋጋ ለማምጣት ብዙ ያስጠብቃል። አንዴ የመጣ ዋጋ ሜሞሪ ውስጥ እንዲቀመጥልኝ፣ ማለትም ካሽ እንዲሆንልኝ ብዬ፣ ዲፎልትዲክት የሚባለውን የፓይተን መዝገብ ተጠቀምኩ። መጀመሪያ መንገዱን ተቀብሎ ዋጋ የሚያመጣ ላምዳ (ስም የሌለው አጭር ፈንክሽን) ሰጠሁት፤ ኤረር አመጣ። በፍሎት (በፓይተን የነጥብ ቁጥር ዓይነት) ስቀይረው ሠራ። ግን አንዳንድ ቀን ለኩታበር ወይም ለባቲ ጭነት ዜሮ ብር የሚል ደረሰኝ ይወጣል። ፕሮግራሙን ዘግቼ ስከፍተው ይስተካከላል። ችግሩ ምንድን ነው? ዲፎልትዲክትን ለካሽ መጠቀምስ ይቻላል?»

መልስ፦

ሰላም ወንድሜ። የምጽፍልህ ከደሴ ነው። ሐረጎን ወጥተህ ብትመጣ ኖሮ አጠገቤ አስቀምጬ ባሳይህ ይቀለኝ ነበር። ለማንኛውም በጽሑፍ ልሞክር።

አጭሩ መልስ፦ ዲፎልትዲክት ለካሽ አይሆንም። ለሌላ ሥራ ግን ግሩም ነው። ላንተ የሚሆነው ወይ ተራው ዲክት (በቁልፍ እየጠየቅህ ዋጋ የምታወጣበት የፓይተን መዝገብ) ነው፣ ወይ ‹ሚሲንግ› የሚባለውን ስልት ያስገባህበት ዲክት፣ ወይ ደግሞ ፓይተን አዘጋጅቶ ያስቀመጠው ኤልአርዩ ካሽ። የትኛው እንደሚሻልህ ወደ ታች እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ዜሮው ከየት እንደሚመጣ እንይ፤ እሱ ካልገባህ መፍትሔውን ብትገለብጥም ሌላ ቦታ መልሶ ይይዝሃል።

ኮዱን በራሳችን ፊደል ነው የምጽፈው። እንደ ዴፍ፣ ኢፍ፣ ሪተርን ያሉትን የፓይተን ቃላትና ዝግጁ ስሞቹን ስትጽፍ ወደ ላቲን ፊደል መልሳቸው። የተለዋዋጭ ስሞቹን እንዳሉ ብትተዋቸውም ችግር የለም። ፓይተን 3 ‹ዋጋ› እና ‹መንገድ› የሚሉ ስሞችን ያለ ምንም ማጉረምረም ይቀበላል።

የላክኸው ፈንክሽን ይህ ነው፦

ካሽ = ዲፎልትዲክት(ፍሎት)

ዴፍ ዋጋ_ስጥ(መንገድ):
    ኢፍ መንገድ ኖት ኢን ካሽ:
        ካሽ[መንገድ] = ከሰርቨር_አምጣ(መንገድ)
    ሪተርን ካሽ[መንገድ]

ብቻውን ሲታይ እንከን የለውም። መንገዱ ካሽ ውስጥ ከሌለ ከሰርቨር ያመጣል፣ ካለ ያለውን ይመልሳል። ለዚህም ነው ስትፈትሸው ምንም ያላገኘኸው። ጥፋቱ ያለው ማንም በማይጠረጥረው ቦታ፣ ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ጠዋት የሚከፍተው የዕለቱ ሰሌዳ ላይ ነው፦

ፎር መንገድ ኢን ሁሉም_መንገዶች:
    ሰሌዳ.አፔንድ((መንገድ, ካሽ[መንገድ]))

እዚህ ጋ የሚታየው ማንበብ ብቻ ነው። ዲፎልትዲክት ላይ ግን በቅንፍ ማንበብ (ካሽ[መንገድ] ማለት) ማለት መጻፍም ጭምር ነው። የጠየቅኸው ቁልፍ ከሌለ የሰጠኸውን ፋክተሪ፣ ማለትም መነሻ ዋጋ የሚፈጥረውን ነገር፣ ይጠራል። ያንተው ፋክተሪ ፍሎት ስለሆነ 0.0 ይሰጠዋል። ከዚያ 0.0ን ይመልስልህና ያቆማል ብለህ እንዳታስብ፤ ቁልፉንም ዋጋውንም አብሮ ዲክቱ ውስጥ ያስቀምጣል። አንተ ምንም እንዳልነካህ ነው የምታውቀው።

አሁን ቀኑን በቅደም ተከተል እንየው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፕሮግራሙ ተነሣ፤ ካሹ ባዶ ነው። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ አስኪያጁ ሰሌዳውን ከፈተ። ሉፑ ‹ከኮምቦልቻ ኩታበር› ላይ ሲደርስ ቁልፉ የለም፤ 0.0 ገባ። ባቲም እንዲሁ። ሐርቡም እንዲሁ። 4 ሰዓት ላይ ደንበኛ መጣና ወደ ኩታበር ሲሚንቶ ልጫን አለ። ዋጋ_ስጥ ተጠራ። ‹መንገዱ ካሽ ውስጥ የለም ወይ?› ብሎ ጠየቀ። አለ! በሉፑ ገብቷል። ስለዚህ ወደ ሰርቨር አይሄድም፤ 0.0 ይመልሳል። ደረሰኙ ዜሮ ብር ብሎ ወጣ።

ሰሌዳው ሳይከፈት ደንበኛው ቀድሞ የመጣ ቀን ደግሞ ትክክለኛው ዋጋ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሁሉም ሰላም ነው። ‹አንዳንድ ቀን› ያልከው ምሥጢሩ ይኸው ነው። ማን ቀድሞ እንደነካው ነው የሚወስነው። ዘግተህ ስትከፍተው የሚስተካከለውም ሜሞሪው ስለሚጸዳ እንጂ ፕሮግራሙ ስለዳነ አይደለም።

ዲፎልትዲክት እንደ አጉል ቅን መዝገብ ያዥ ነው። የሌለ ሰው ስም ብትጠራለት ‹እንዲህ የሚባል የለም› አይልህም። አዲስ ገጽ ከፍቶ፣ ስሙን ጽፎ፣ ፊት ለፊቱ ዜሮ አድርጎ ያሳይሃል። ካሽ ደግሞ ከሁሉ በፊት ‹እኔ ጋ የለም› ማለት መቻል አለበት። የሌለውን ካልነገረህ መቼ ወደ ሰርቨር እንደምትሄድ በምን ታውቃለህ?

ዛሬውኑ ችግሩን አደባባይ ለማውጣት አንዲት መስመር ትበቃሃለች። ካሹን ከፈጠርክ በኋላ ካሽ.ዲፎልት_ፋክተሪ = ነን በለው (‹ነን› ፓይተን ‹ምንም የለም› የሚልበት ቃል ነው)። ከዚያ ወዲህ ዲፎልትዲክቱ እንደ ተራ ዲክት ይሆናል። የሌለ ቁልፍ በቅንፍ የሚያነብ ሁሉ ኪኤረር እየጣለ ቦታውን ራሱ ይነግርሃል። ከሰሌዳው ሌላ ሁለት ሦስት ቦታ ብታገኝ አይግረምህ።

ወደ ላምዳው እንምጣ። መንገዱን የሚቀበል ላምዳ ስትሰጠው ታይፕኤረር ያመጣብህ፣ ዲፎልትዲክት ፋክተሪውን የሚጠራው ያለ ምንም አርጉመንት (ግብዓት) ስለሆነ ነው። ‹የትኛው ቁልፍ ነው የተጠየቀው?› የሚለውን ፋክተሪው አያውቅም። ለኩታበርም ለባቲም ለወልድያም ያው አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚሰጠው። ይህ የአሠራር ጉድለት አይደለም። ሲጀመር የታሰበው ለመቁጠርና ለመሰብሰብ ነው።

ለምሳሌ እያንዳንዱ መኪና በሳምንት ስንት ኩንታል እንደጫነ ልትደምር ነው እንበል። ኩንታል[ታርጋ] += ክብደት ትለዋለህ፣ አለቀ። ገና ምንም ያልጫነ መኪና ዜሮ ነው፤ ዜሮው እውነት ነው። በየቀኑ የገቡትን ጭነቶች በዝርዝር ለመያዝም ዲፎልትዲክት(ሊስት) የሚያህል የለም። ባዶ ዝርዝር እውነተኛ መነሻ ነው። የኩታበር ታሪፍ ግን መነሻው ዜሮ አይደለም። ወይ ታውቀዋለህ ወይ አታውቀውም። እኔ ዲፎልትዲክት ልጠቀም አልጠቀም ስል የምጠይቀው ይህንኑ ብቻ ነው፦ ቁልፉ በሌለበት ጊዜ ይህ ዋጋ እውነት ነው ወይ?

ላምዳህ የፈለገውን ነገር የሚያደርግልህ ሌላ ነው። ዲፎልትዲክት ፓይተን 2.5 ላይ በ2006 እ.ኤ.አ. ሲገባ፣ አብሮት አንድ ብዙ ሰው ልብ የማይለው መግቢያ ተከፍቷል። ከዲክት የሚወርስ ክላስ ሠርተህ ‹ሚሲንግ› የሚል ስልት ብትጨምርበት፣ የሌለ ቁልፍ በቅንፍ ሲጠየቅ ፓይተን ያንን ስልት ከነቁልፉ ይጠራልሃል፦

ክላስ የታሪፍ_ካሽ(ዲክት):
    ዴፍ __ሚሲንግ__(ሰልፍ, መንገድ):
        ዋጋ = ከሰርቨር_አምጣ(መንገድ)
        ሰልፍ[መንገድ] = ዋጋ
        ሪተርን ዋጋ

ከሁለቱም ጎን ያሉትን ሁለት ሁለት ሰረዞች እንዳትረሳ። ሰልፍ[መንገድ] = ዋጋ የምትለዋንም መስመር እንዳትዘል፤ እሷ ከሌለች ምንም አይቀመጥም፣ በየጥያቄው ሰርቨር ትመላለሳለህ። ከሰርቨር_አምጣ ራሱ ኤረር ከጣለ ደግሞ ምንም ሳይቀመጥ ይወጣል። ይህ ጥሩ ነው። ኔትወርክ የተቋረጠበት ቅጽበት ካሽህ ውስጥ ለዘለዓለም እንዲታተም አትፈልግም።

ይህች ክላስ ሌላም ጥቅም አላት። ሚሲንግ የሚጠራው በቅንፍ ስታነብ ብቻ ነው። ካሽ.ጌት(መንገድ) ብትል አይጠራም፤ ከሌለ ነን ይመልስልሃል፣ ምንም ሳይጨምር። ‹ኢን› ብለህ ስትጠይቅም አይጠራም። ብዙ ሰው ይህን እንደ ወጥመድ ያየዋል፤ ጌት ብሎ ጠይቆ ለምን ነን መጣ ብሎ የሚበሳጭ አለ። ላንተ ሰሌዳ ግን በትክክል የሚያስፈልግህ ይሄ ነው። ሰሌዳው በጌት ያንብብ፤ የሌለውን ሰረዝ አድርጎ ያሳይ። ዋጋ የሚያወጣው ክፍል በቅንፍ ያንብብ።

አንድ ፈተና ሊገጥምህ ይችላል፤ ‹ሴትዲፎልት አለ አይደል፣ በሱ በአንድ መስመር ልጨርሰው› የሚል። አትሞክረው። ሴትዲፎልት ቁልፉ ካለ ያለውን ይመልሳል፣ ከሌለ የሰጠኸውን ያስቀምጣል። ካሽ.ሴትዲፎልት(መንገድ, ከሰርቨር_አምጣ(መንገድ)) ብትል ፓይተን አርጉመንቶቹን ቀድሞ ነው የሚያሰላው። ዋጋው ካሽ ውስጥ ቢኖርም ባይኖርም በየጊዜው አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል። ካሽ አለህ፣ ፍጥነት የለህም።

አሁን ኤልአርዩ ካሽ። ፓይተን 3.2 ላይ ነው የመጣው፣ ፈንክቱልስ ውስጥ ታገኘዋለህ። ፈንክሽንህ ራስ ላይ @ኤልአርዩ_ካሽ ብለህ ትለጥፋለህ፤ የቀረውን እሱ ይጨርሰዋል። ከ3.9 ጀምሮ ‹ካሽ› የሚባል ገደብ የሌለው ወንድሙም አለ። ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው። አንድ ነገር ግን አስተውል። ገደቡን ካልነገርከው ኤልአርዩ ካሽ የሚይዘው 128 መልስ ብቻ ነው። ሲሞላ ለረጅም ጊዜ ያልተነካውን አውጥቶ ይጥላል።

128 ብዙ ይመስላል። ሒሳቡን እንሥራው። 20 ከተማ ቢኖርህ፣ ከእያንዳንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው መንገድ 20 ሲባዛ በ19፣ 380 ነው። ሰሌዳህ 380ውንም በአንድ ቅደም ተከተል ያዞራል እንበል። 129ኛው ሲገባ 1ኛው ይወጣል። 130ኛው ሲገባ 2ኛው ይወጣል። ሉፑ ጨርሶ እንደገና ከ1ኛው ሲጀምር፣ 1ኛው የለም። እሱን ለማስገባት ደግሞ በቅርቡ የሚፈለገው ሌላ ይወጣል። እንዲህ እያለ በስንተኛውም ዙር አንድም ጊዜ ከካሹ ሳያገኝ ይዞራል። ካሹ ሙሉ ነው፣ ጥቅሙ ዜሮ። ስለዚህ ማክስሳይዝን (ገደቡን) 500 ወይም 1000 አድርገው። የዋጋ ቁጥሮች ናቸው፤ ሜሞሪህን አይጎዱም። ካሽ_ኢንፎ ብለህ ብትጠይቀውም ስንቱን እንዳገኘ ስንቱን እንዳጣ ይነግርሃል። በግምት ከመከራከር እሱን ማየት ይሻላል።

እንዲያም ሆኖ ላንተ ኤልአርዩ ካሽን አልመርጥም። ምክንያቴ አንድ ነው፦ ከውስጡ አንዲትን ቁልፍ ነጥሎ ማውጣት አይቻልም። ያለው ካሽ_ክሊር ነው፣ ሁሉንም ጠራርጎ የሚያወጣ። የባቲ መንገድ ታሪፍ ብቻ ቢቀየር 380ውንም ጥለህ በዚያ ኔትወርክ እንደገና ልታመጣ ነው። በዲክት ግን ካሽ.ፖፕ(መንገድ, ነን) ብለህ ያችን አንዷን ታወጣለህ።

ታሪፍ መቀየሩን ካነሣን ደግሞ ትልቁ ጉዳይ እዚህ አለ፣ አንተም አልጠየቅኸውም። የነዳጅ ዋጋ ሲከለስ የጭነት ዋጋም ይነሣል። አዲስ አበባ ያለው ሰርቨር ላይ አዲሱ ታሪፍ ገባ። ኮምቦልቻ ያለው ፕሮግራምህ ግን ከሰኞ ጀምሮ ሳይዘጋ እየሠራ ነው፤ በአሮጌው ዋጋ ሳምንቱን ሙሉ ደረሰኝ ያወጣል። ዜሮ ብር ዓይን ያስፈጥጣል፣ ወዲያው ይያዛል። አሮጌ ዋጋ ግን ልክ ይመስላል። እኔን የሚያስፈራኝ ከዜሮው ይልቅ ይሄኛው ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዋጋ ዕድሜ ስጠው። ሚሲንግ ብቻውን እዚህ አያዛልቅም፤ ቁልፉ እስካለ ድረስ አይጠራም፣ ያረጀ ይሁን ትኩስ አይለይም። እኔ ብሆን ተራውን ዲክት ይዤ እንዲህ አደርግ ነበር፦

ካሽ = {}

ዴፍ ዋጋ_ስጥ(መንገድ):
    አሁን = ታይም.ሞኖቶኒክ()
    ያለው = ካሽ.ጌት(መንገድ)
    ኢፍ ያለው ኢዝ ኖት ነን ኤንድ አሁን - ያለው[1] < 900:
        ሪተርን ያለው[0]
    ዋጋ = ከሰርቨር_አምጣ(መንገድ)
    ካሽ[መንገድ] = (ዋጋ, አሁን)
    ሪተርን ዋጋ

900 ሰከንድ 15 ደቂቃ ነው። ድርጅቱ ‹ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ግድ የለንም› ካለ 1800 አድርገው። ይህን የሚወስነው ፕሮግራመሩ አይደለም፤ ሒሳብ ክፍሉን ጠይቅ። ሰርቨሩ ጭራሽ ካልተገኘስ? ያረጀውን ዋጋ መስጠት ነው ወይስ ‹አሁን አይቻልም› ማለት? እሱንም እነሱ ይንገሩህ፣ ግን ሳይጠየቁ እንዳይቀሩ።

ለምን ሞኖቶኒክ አልኩ? ተራው ታይም.ታይም የኮምፒውተሩን ሰዓት ነው የሚያነበው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ የማዘርቦርዱ ባትሪ የሞተ ኮምፒውተር ከብዙ ዓመት በፊት ባለ ቀን ይነሣል። ፕሮግራምህም በዚያ ሰዓት ሥራ ይጀምራል። ትንሽ ቆይቶ ኢንተርኔት ሲያገኝ ሰዓቱ ዘሎ ይስተካከላል። ያን ጊዜ ካሽህ በሙሉ በአንድ ጊዜ ያረጃል። የባሰው የተገላቢጦሹ ነው። ሰዓቱ ወደፊት ቀድሞ ከነበረና ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ዋጋው ለረጅም ጊዜ ‹ትኩስ› መስሎ ይቀራል። ሞኖቶኒክ ሰዓቱ ቢስተካከልም ወደ ኋላ አይመለስም።

ቁልፉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህ የእኛ አገር ፕሮግራመር ችግር ነው፣ የውጭ መማሪያ ላይ አታገኘውም። አንዱ ጸሐፊ ‹ደሴ› ብሎ ያስገባል፣ ሌላው ‹ደሤ›። ለኛ አንድ ከተማ ነው። ለፓይተን ግን ሴ እና ሤ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ ቁልፎቹም ሁለት ናቸው። ሐይቅን እንኳ ሀይቅ፣ ሃይቅ፣ ሐይቅ ብለው ሦስት ዓይነት ይጽፉልሃል። ዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን (በተለያየ መንገድ የተቀመጠን አንድ ፊደል ወደ አንድ የሚያመጣው አሠራር) ያስተካክለዋል ብለህ አትጠብቅ፤ ራሳቸውን የቻሉ ፊደሎች ስለሆኑ አይነካቸውም። በላምዳም ሆነ በሚሲንግ ከመያዝህ በፊት እሱን አስተካክል። የሚሻለው የከተማው ስም በእጅ እንዳይጻፍ ማድረግ ነው፤ ከዝርዝር ይመረጥ፣ ቁልፉም የከተማው መለያ ቁጥር ይሁን። ያ ካልተቻለ በትራንስሌት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች ወደ አንድ አምጣ፣ በስትሪፕ ጫፍና ጫፉ ላይ ያለውን ክፍት ቦታ አራግፍ፣ ከዚያ በኋላ ካሹን ጠይቅ። ቁልፉ ሁለት ከተማ የያዘ ከሆነ ደግሞ ተፕል (የማይቀየር ዝርዝር) አድርገው፤ ሊስት የዲክት ቁልፍ አይሆንም።

ቀሪዎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ፕሮግራሙን በጉኒኮርን (የፓይተን ዌብ ፕሮግራም ማስነሻ) ከአንድ በላይ ወርከር (ለየብቻው የሚሠራ ቅጂ) ካስነሣኸው እያንዳንዱ ወርከር የራሱ ካሽ አለው፤ አንዱ ጋ ያጸዳኸው ሌላው ጋ እንዳለ ይቆያል። የ15 ደቂቃው ዕድሜ እዚያም ይታደግሃል። ካሹ ውስጥ ሊስት ካስቀመጥክ፣ የተቀበለው ሰው ሲቀይረው ካሽህም አብሮ ይቀየራል፤ ተፕል ይሻላል። ብርን ደግሞ በፍሎት አታስላ፣ ዴሲማል (የአስርዮሽ ቁጥርን ሳያዛባ የሚይዘውን ዓይነት) ተጠቀም። ይህን ካሽ ሳይኖርህም እልህ ነበር።

ኮዱን ከማስተካከልህ በፊት ግን አንድ ሥራ አለህ። የደረሰኝ ሰንጠረዡን ክፈትና ዋጋቸው ዜሮ የሆኑትን ሁሉ አውጣ፤ ከነቀናቸው፣ ከነመንገዳቸው፣ ከነታርጋቸው። ሥራ አስኪያጁ ሰሌዳውን የሚከፍትበትን ሰዓት ከሎጉ አግኝና አስተያየው። ዜሮዎቹ ሁሉ ከዚያ ሰዓት በኋላ የወጡ ከሆኑ ያልኩህ ነው ማለት ነው። ከዚያ በፊት የወጣ አንድ እንኳ ካለ፣ ሌላ በቅንፍ የሚያነብ ቦታ አለህ፤ ኮዱን ጨምረህ ላክልኝ። ዝርዝሩን ደግሞ ሳታቆይ ለሒሳብ ክፍሉ ስጥ፤ ያልተከፈለ ጭነት ወሩ ከተዘጋ በኋላ መጠየቅ ይከብዳቸዋል።